«ጽዳት ሠራተኛ» ተብሎ የሚሸጠው ዓሣ

«ጋሼ፣ ይቺን አንድ ይጨምሩበት፤ ገንዳውን የምታጸዳልዎት እሷ ናት» አለኝ ወጣቱ ሻጭ፡፡ ጣቱን የቀሰረባት ዓሣ ከመስተዋቱ ሥር ተለጥፋ ጺሟን ጠጠሩ ላይ ታርመሰምሳለች፡፡ «አንድ ብቻዋን?» ብዬ ጠየቅሁት፡፡ «አንድ ትበቃለች፡፡ ምግብም አያስፈልጋትም፤ ከሌሎቹ የተረፈውን እየለቃቀመች ነው የምትኖረው» ሲል አረጋገጠልኝ፡፡ ቀለብ የማይጠይቅ፣ ደመወዝ የማይጠይቅ፣ በዚያ ላይ ቤት የሚያጸዳ ፍጡር በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል? ከፍዬ ይዣት ሄድኩ፡፡

ልጁ ዋሸኝ አልልም፡፡ እሱም የሰማውን ነው የነገረኝ፡፡ ነገር ግን በዚያች አጭር ንግግሩ ውስጥ ሦስት ስህተቶች ነበሩ፡፡ ዓሣዋ ገንዳ አታጸዳም፡፡ ምግብ ያስፈልጋታል፡፡ አንድ ደግሞ በፍጹም አትበቃም፡፡ በዚህ ዓምድ ስለ ሕግና ስለ ፖለቲካ ስታነቡኝ የቆያችሁ ለዛሬ ይቅርታ አድርጉልኝና ስለነዚህ ሦስት ስህተቶች፣ በተለይም ስለ ሦስተኛው ልጻፍ፡፡ በየምግብ ቤቱ፣ በየቢሮው እንግዳ መቀበያና በየሰው ሳሎን የዓሣ ገንዳ በሄድኩ ቁጥር ያቺን ብቸኛ «ጽዳት ሠራተኛ» ማዕዘን ላይ ተወሽቃ አገኛታለሁና፡፡

ዓሣዋ ኮሪዶራስ ትባላለች፡፡ የእኛው አምባዛ የሩቅ ዘመድ ናት፡፡ አምባዛን ከጣና፣ ከሐዋሳ ወይም ከዝዋይ የመጣ ሲሸጥ ያየ ሰው ጺሟን ሲመለከት ዝምድናው ወዲያው ይገለጥለታል፡፡ ልዩነቱ ግን ብዙ ነው፡፡ አምባዛ ከሜትር በላይ ሊረዝም የሚችል አዳኝ ነው፤ ኮሪዶራስ ከጣት አትበልጥም፡፡ አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው አይበላውም፡፡ ኮሪዶራስም ቅርፊት የላትም፣ ነገር ግን ግራና ቀኝ ጎኗ በሁለት ረድፍ በተደረደሩ የአጥንት ሰሌዳዎች የተሸፈነ ነው፡፡ ጥሩር የለበሰች ወታደር በሏት፡፡ ስሟንም ያገኘችው ከዚሁ ነው፡፡ ፈረንሳዊው ላሴፔድ እ.ኤ.አ. በ1803 ስም ሲያወጣላት የራስ ቁርንና ቆዳን የሚገልጹ ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞ ነበር የሰየማት፡፡

አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው፡፡ ከአንዲስ ተራሮች በስተ ምሥራቅ፣ ከኦሪኖኮ ወንዝ ጀምሮ በአማዞን አድርጎ እስከ ላፕላታ ድረስ፣ ቀስ ብለው በሚፈሱ አሸዋማ ገባር ወንዞችና ጅረቶች ውስጥ ትኖራለች፡፡ ዓይነቷ ከመቶ በእጅጉ ይበልጣል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎች ዝርያዎቹን እንደገና መርምረው «ኮሪዶራስ» ይባል የነበረውን ትልቅ ቤተሰብ በተለያዩ ስሞች ከፋፍለውታል፡፡ በገበያ ላይ የምናገኛቸው አብዛኞቹ አሁን በሳይንሱ መዝገብ ሌላ ስም አላቸው፡፡ ይሁንና ሱቅ ሄዳችሁ «ሆፕሊሶማ አለ?» ብትሉ የሚመልስላችሁ ስለማታገኙ በድሮው ስም ብንቀጥል የሚጎዳ ሰው የለም፡፡ ኩባንያ ስም ሲቀይር ዕዳው እንደማይቀየር ሁሉ፣ የዓሣዋም ፍላጎት ከስሟ ጋር አልተቀየረም፡፡

ወደ ስህተቶቹ ልመለስ፡፡ ገንዳ ታጸዳለች የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ለመረዳት አያስቸግርም፡፡ ቀኑን ሙሉ አፍንጫዋን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ስትቆፍር የሚያያት ሰው እየጠረገች ይመስለዋል፡፡ እሷ ግን የምትፈልገው ቆሻሻ አይደለም፡፡ በተፈጥሮ ቦታዋ ትላትልን፣ የነፍሳት ዕጭንና ጥቃቅን የውኃ እንስሳትን ከአሸዋው ውስጥ እያነፈነፈች ታወጣለች፡፡ የሌላ ዓሣ ኩስ አትበላም፡፡ መስተዋት ላይ የሚለጠፈውን አረንጓዴ አልጌ አትልስም፡፡ እንዲያውም እሷ ራሷ ስለምትበላና ስለምትጸዳዳ የገንዳውን ቆሻሻ ትጨምራለች እንጂ አትቀንስም፡፡ ገንዳ የሚያጸዳው ባለቤቱ ነው፤ በየሳምንቱ የውኃውን ሩብ ያህል ቀድቶ በመድፋትና በአዲስ በመተካት፡፡ ከባለቤቱ ቀጥሎ የሚያጸዱት ደግሞ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ወደነሱ እመለሳለሁ፡፡

ይህ ስህተት የቃል ስህተት ብቻ ቢሆን ባልተከራከርኩ፡፡ ውጤቱ ግን ረሃብ ነው፡፡ «ከተረፈው ትበላለች» የተባለላት ዓሣ የሚደርሳት ከላይ ያሉት ተሻምተው ከጨረሱ በኋላ የሚወርደው ፍርፋሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ምንም አይወርድም፡፡ ጥሩሯ ደረቅ ስለሆነ መክሳቷ ቶሎ አይታወቅም፡፡ ሆዷ ወደ ውስጥ ገብቶ ከሥር ጎድጎድ ያለ ዕለት ነው ነገሩ የሚገባን፤ ያኔ ደግሞ ይረፍዳል፡፡ መፍትሔው ቀላል ነው፡፡ ውኃ ላይ የማይንሳፈፍ፣ ወዲያው ወደ ታች የሚሰምጥ እንክብል ምግብ ይገዛል፡፡ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ሌሎቹ ዓሦች ሲረጋጉ ይጣልላታል፡፡ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ከጓሮ የተቆፈረ የምድር ትል በደንብ ታጥቦ፣ በጣም ደቆ ቢሰጣት ደስታዋን ታያላችሁ፡፡ መድኃኒት ወይም ማዳበሪያ ከተረጨበት ቦታ የተገኘ ትል ግን አይሆንም፡፡

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፡፡

ያቺ የገዛኋት አንዲት ዓሣ አራት ወር ያህል ከማጣሪያው ጀርባ ኖረች፡፡ ቀን አትወጣም፡፡ ማታ መብራት አጥፍቼ በባትሪ ሳያት ለአፍታ ወጣ ብላ ትመለሳለች፡፡ ሰው ወደ መስተዋቱ ሲጠጋ እንደ ጥይት ተስፈንጥራ ትጋጫለች፡፡ «የሌሊት ዓሣ ስለሆነች ነው» ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት፡፡ ጠባይዋ ነው አልኩ፡፡ ተከሳሽ ዝም ስላለ ጥፋቱን አምኗል ብሎ እንደሚፈርድ ዳኛ መሆኑ ነው፡፡

በኋላ ሳነብ የተረዳሁት ኮሪዶራስ ከሥር መሠረቷ በመንጋ የምትኖር ዓሣ መሆኗን ነው፡፡ በአገሯ በአሥርና በመቶ ሆነው ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ፡፡ መንጋው ለእሷ ጌጥ ወይም ጨዋታ አይደለም፡፡ ትንሽ ዓሣ ናት፤ ትልልቅ ዓሣና የውኃ ወፍ ይፈልጓታል፡፡ ብዙ ዓይን ባለበት ቦታ አንዷ ስትደነግጥ ሁሉም ይደነግጣል፤ አንዷ ተረጋግታ ስትበላ ሌሎቹም ይረጋጋሉ፡፡ ብቻዋን የሆነች ዓሣ ግን የሚያረጋጋት ምልክት ከየትም ስለማይመጣላት ሁልጊዜ ዘብ ላይ ናት፡፡ የኔዋ ከማጣሪያው ጀርባ አራት ወር የቆመችው ለዚህ ነበር፡፡

ከሁሉ ያስደነቀኝ እርስ በርስ የሚግባቡበት መንገድ ነው፡፡ በርካታ የመንጋ ዓሦች በዋናነት በዓይናቸውና የውኃውን ንቅናቄ በሚያውቁበት የጎን ስሜታቸው ይመራሉ፡፡ ኮሪዶራሶች ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ ይነካካሉ፡፡ አንዷ ጓደኛዋን በሰውነቷ ጎንተል ታደርጋለች፤ «እንሂድ» ወይም «አለሁ» እንደማለት ያለ ነገር ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት አንድ ጥናት ይህንኑ በነሐስማዋ ኮሪዶራስ ላይ መርምሮ ነበር፡፡ ቀድሞ የሚተዋወቁ ጥንዶችና የማይተዋወቁ ጥንዶች ተቀናጅተው በመንቀሳቀስ ረገድ ልዩነት አልታየባቸውም፡፡ ይበልጥ የሚገርመው ግን ሌላው ግኝት ነው፤ በማይተዋወቁ ጥንዶች መካከል መጎናተሉ ይበረክታል፡፡ አዲስ ጎረቤት ሲመጣ ቡና አፍልቶ እንደመጥራት ያለ ነገር መሆኑ ነው፤ ሳይንቲስቶቹ በዚህ አባባል ባይስማሙም፡፡ ሌላውን እየነካች መንገዷን እንድታውቅ ተደርጋ የተፈጠረችን ዓሣ ለብቻዋ ማኖር ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ በኋላ አንባቢ ራሱ ይፍረድ፡፡

አምስት ተመሳሳይ ዓሦች ገዝቼ ጨመርኩ፡፡ በመጀመሪያው ሰዓት ሁሉም ባንድ ማዕዘን ተከማችተው ቆሙ፡፡ ማታ ላይ ከማጣሪያው ጀርባ አንዲት ጺም ብቅ አለች፡፡ በማግስቱ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ ስድስት ዓሣ በረድፍ ሆኖ አሸዋውን እያረሰ አገኘሁ፡፡ የቀድሞዋን ከአዲሶቹ ለይቼ ለማወቅ ብሞክር አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬም አልቻልኩም፡፡ ከዚያ ወዲያ ቀንም ይወጣሉ፣ ሰው ሲጠጋም አይሸሹም፡፡ «የሌሊት ዓሣ» ያልኳት ዓሣ ቀን ቀን ቅጠል ላይ ተደርድራ ከጓደኞቿ ጋር ታርፋለች፡፡

ስንት ይበቃል ለሚለው፣ ቢያንስ ስድስት የሚለው በልምድ የጸና መለኪያ ነው፤ ስምንትና አሥር ከሆኑ ደግሞ ይበልጥ ይፍታታሉ፡፡ ስድስቱ ታዲያ የአንድ ዝርያ መሆን አለባቸው፡፡ አንዳንድ ሱቆች «ለዓይን ያምራል» ብለው ከየዓይነቱ አንድ አንድ ይሸጣሉ፡፡ የተለያዩ ዝርያዎች አብረው ሊበሉና ሊጠጋጉ ይችላሉ፤ እውነተኛው መንጋ ግን ከራስ ወገን ጋር ነው፡፡ ገንዳው ቁመቱ ሳይሆን የወለሉ ስፋት ነው የሚቆጠረው፤ እነሱ የሚኖሩት ወለሉ ላይ ነውና፡፡ ለስድስት መካከለኛ ኮሪዶራሶች 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ወደ 100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ምቹ ነው፡፡ ክብ ብርጭቆ ወይም ለጌጥ ተብለው የሚሸጡ ቀጫጭን ረጃጅም ዕቃዎች አይሆኑም፡፡

እዚህ ላይ የሕግ ትምህርቴ ያመጣብኝን አንድ ሐሳብ ጣል ላድርግ፡፡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1127 ስለሚንቀሳቀሱ ግዙፍ ነገሮች ሲናገር፣ በራሳቸው የሚንቀሳቀሱትንም ሰው የሚያንቀሳቅሳቸውንም በአንድነት ያስቀምጣቸዋል፡፡ በዚህ አነጋገር ዓሣዬና የቆመችበት ጠረጴዛ አንድ ምድብ ውስጥ ናቸው፡፡ አንቀጽ 2071 ደግሞ እንስሳ በሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ በሬዬ የጎረቤቴን አጥር ቢያፈርስ እኔ እጠየቃለሁ፡፡ ስድስት መሆን የሚገባትን ዓሣ አንድ አድርጎ ለሸጠም ሆነ ለገዛ ሰው የተጻፈ አንቀጽ ግን አላገኘሁም፤ እንዲጻፍም አልጠይቅም፡፡ ሻጩ «ስንት ልስጥዎት?» ሲል «ስድስት ካልሆነ አልወስድም» የሚል ገዢ ከበዛ ጉዳዩ ያለ አዋጅ ይፈታል፡፡

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዳይ አዲስ አበባን የሚመለከት ነው፡፡ የውጭ አገር መጻሕፍት ስለ ኮሪዶራስ የሚሰጡት ምክር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንዳቸውም 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ መብራት እየጠፋ፣ ውኃ በፈረቃ እየመጣ ዓሣ ስለሚያረባ ሰው አያስቡም፡፡

በመጀመሪያ አየሩ፡፡ በከተማችን ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፡፡ በዚህም የተነሳ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል፡፡ በ25 ዲግሪ ሙቀት ባሕር ጠለል ላይ አንድ ሊትር ውኃ ከ8 ሚሊ ግራም ትንሽ የሚበልጥ ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ እኛ ጋ የሚይዘው ከ6 ትንሽ የሚበልጥ ነው፡፡ ውኃው በሞቀ ቁጥር ደግሞ የሚይዘው ያንሳል፡፡ ስለዚህ ናዝሬት ወይም ድሬዳዋ ላለ ሰው የማያሳስብ የዓሣ ብዛት አዲስ አበባ ላይ ሊያፍን ይችላል፡፡ የአየር ፓምፕ እዚህ ቅንጦት አይደለም፡፡

ኮሪዶራስ በዚህ በኩል አንድ ልዩ ተሰጥኦ አላት፡፡ አልፎ አልፎ ወደ ላይ ተተኩሳ አየር ጎርሳ ትመለሳለች፡፡ የዋጠችው አየር ወደ አንጀቷ ይወርዳል፤ የአንጀቷ የኋለኛው ክፍል በደም ሥሮች የተሞላ ስለሆነ ኦክስጅኑን ከዚያ ትወስዳለች፡፡ የእኛው አምባዛም አየር ይተነፍሳል፤ እሱ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ባለ ሌላ አካል ነው፡፡ እንግዲህ አንዷ ዓሣ በየጊዜው ወደ ላይ ብትወጣ አትደንግጡ፤ ከውኃው ገጽና ከክዳኑ መካከል ሁለት ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት ተዉላት፡፡ ሁሉም ባንድነት፣ ያለማቋረጥ የሚመላለሱ ከሆነ ግን ውኃው ታፍኗል ማለት ነው፡፡ እነሱ ስለተረፉም አይታለል፤ አብረዋቸው ያሉት ሌሎች ዓሦች ይህ መውጫ የላቸውም፡፡

ሁለተኛው ብርዱ ነው፡፡ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ቤታችን ማሞቂያ የለውም፤ ገንዳውም አብሮ ይቀዘቅዛል፡፡ የዝርያ ምርጫ የሚጠቅመው እዚህ ነው፡፡ ነሐስማዋ ኮሪዶራስ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ትወዳለች፤ ስተርባይ የምትባለው ነጠብጣባም ዓይነት ከዚያም ሞቅ ያለ ትፈልጋለች፡፡ ማሞቂያ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ገደማ ይታሰባል፡፡ ፓሌያተስ ወይም ዥንጉርጉሯ ኮሪዶራስ ግን ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ባለው ውኃ ደኅና ትኖራለች፡፡ ቻርልስ ዳርዊን በ«ቢግል» መርከብ ባደረገው ጉዞ ሰብስቧት፣ ሌናርድ ጄኒንስ እ.ኤ.አ. በ1842 ስም ያወጣላት ይህቺ ናት፡፡ ለአዲስ አበባ ሳሎን ምረጥ ብትሉኝ ያለማመንታት እሷን እመርጣለሁ፡፡

ሦስተኛው የመብራት ነገር ነው፡፡ ስለዚህ ብዙ መናገር ይቻላል፤ ለዓሣው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ልበል፡፡ ቀደም ሲል ያነሳኋቸው ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በአብዛኛው በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ ነው፡፡ ከዓሣው የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ እሱንም ወደ ጉዳቱ ወዳነሰ ናይትሬት ይለውጣሉ፡፡ ለዚህ ሥራቸው ኦክስጅን ያለው ውኃ ሊፈስላቸው ይገባል፡፡ መብራት ለብዙ ሰዓት ሲጠፋ በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት መሞት ይጀምራሉ፤ መብራቱ ሲመለስ ማጣሪያው ያንን የገማ ውኃ ገንዳው ውስጥ ይተፋዋል፡፡ እኔ አንድ እሑድ ሦስት ዓሣ የቀበርኩት በዚህ መንገድ ነው፡፡ አሁን የምጠቀመው በአየር ፓምፕ የሚሠራ፣ ገንዳው ውስጥ የሚቀመጥ ተራ የስፖንጅ ማጣሪያ ነው፡፡ ርካሽ ነው፣ ድምፅ አለው፣ ግን ከፓወር ባንክ ጋር በሚገናኝ ትንሽ ፓምፕ ሌሊቱን ማስኬድ ይቻላል፡፡ ምንም ከሌለም ውኃውን በኩባያ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባል፡፡ መብራት በጠፋበት ሰዓት ምግብ አይሰጥም፡፡ ዝግ ማጣሪያ ያላችሁ መብራቱ ሲመለስ ከማስነሳታችሁ በፊት ክፈቱትና ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ እጠቡት፤ በቧንቧ ውኃ ካጠባችሁት ክሎሪኑ የቀሩትን ይጨርሳቸዋል፡፡

ባክቴሪያዎቹ በአንድ ቀን አይበቅሉም፡፡ ገንዳ ገዝቶ በዚያው ቀን ዓሣ መጨመር በጣም የተለመደው ጥፋት ነው፡፡ ገንዳው ውኃ ተሞልቶ፣ ማጣሪያው እየሠራ፣ ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት ቁንጥር የዓሣ ምግብ በየጊዜው እየተጣለበት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መቆየት ይኖርበታል፡፡ ገንዳ ካለው ወዳጅ የቆሸሸ ስፖንጅ ቆርጦ መለመን ጊዜውን በእጅጉ ያሳጥረዋል፡፡ እኔም ለሰዎች እሰጣለሁ፡፡ ቆሻሻ ስፖንጅ ስጦታ ብሎ የሚቀበል ሰው የዓሣ ሰው ብቻ ነው፡፡

ውኃውን በተመለከተ፣ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ወይም ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣልን ውኃ ክሎሪን የተጨመረበት ነው፡፡ ክሎሪኑ ለእኛ ጤና ነው፣ ለዓሣው መተንፈሻ እሳት፡፡ አፉ በሰፋ ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ፣ ቢቻል አየር እየተነፋበት ሲያድር ክሎሪኑ ይወጣል፡፡ ከሮቶ የሚቀዳ ውኃም ቀናት ስለቆየ ብቻ ንጹሕ ነው ብላችሁ አትተማመኑ፤ ማታ የሞላ ሮቶ ጠዋት ላይ ክሎሪኑን እንደያዘ ነው፡፡ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለምትኖሩ፣ ለዓሣ ተብሎ የተለየ አንድ ሁለት ጄሪካን ይኑራችሁ፡፡ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ይሁን፡፡

አራተኛው ወለሉ ነው፤ እንደ መንጋው ሁሉ በዚህም ጉዳይ አልደራደርም፡፡ ኮሪዶራስ ዓለሟን የምታውቀው በጺሟ ነው፡፡ አፍንጫዋን እስከ ዓይኗ አሸዋ ውስጥ ቀብራ ትጎርሳለች፣ የሚበላውን ታስቀርና አሸዋውን ከራሷ ጎን ባለው መተንፈሻዋ በኩል ታፈሰዋለች፡፡ ይህንን ሹል ጠጠር ላይ ማድረግ አትችልም፡፡ ጠጠሩ ጺሟን ይቧጥጣል፣ በጠጠሩ መካከል የሚጠራቀመው ቆሻሻ ቁስሉን ያመረቅዘዋል፣ ጺሙም እያጠረ ይጠፋል፡፡ ሱቅ ውስጥ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ይህንን ይሁን፤ ጺሟ የተበላ ዓሣ አትግዙ፡፡ እዚህ በቀላሉ ከሚገኘው ውስጥ የሚሆነው ደቃቅ የወንዝ አሸዋ ነው፡፡ ተነፍቶ፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ታጥቦ ይገባል፡፡ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ ከተንቸፈቸፈ የኖራ ድንጋይ አለበትና ውኃውን ያከብደዋል፡፡ ለግንባታ የሚሸጠው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የተፈጨው ፑሚስ እንደ ምላጭ ይቆርጣሉ፤ በምንም ዓይነት አይሞከሩም፡፡

ዓሣዋን በመረብ ለመያዝ የምትቸኩሉ ደግሞ ቆም በሉ፡፡ በጀርባዋና በሁለቱ የፊት ክንፎቿ ላይ ጠንካራ እሾህ አላት፤ ስትደነግጥ ታቆመውና ቆልፋ ትይዘዋለች፡፡ እሾሁ መረቡ ላይ ይሰካል፤ ስታላቅቁ ወይ ክንፏን ትሰብራላችሁ ወይ ራሳችሁ ትወጋላችሁ፡፡ ጥቂት መርዝ ስላለው ለአደጋ ባይሰጥም ያቃጥላል፡፡ በፕላስቲክ ኩባያ መቅዳት ለሁለታችሁም ይሻላል፡፡

ደስ የሚለውን ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ያስቆጨኛል፡፡ ኮሪዶራስ ዓይኗን ወደ ታች ማንከባለል ስለምትችል የምትጠቅስ ትመስላለች፡፡ የልጅ ልጆች ያሉት ሰው ገንዳው ፊት አስቀምጦ «ማን ቀድሞ ይጠቀሳል?» ቢላቸው ግማሽ ሰዓት ዕረፍት ያገኛል፡፡ በደንብ የተያዘ መንጋ ደግሞ ይራባል፡፡ በአገሯ የዝናቡ ወራት ሲገባ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ወደ ወንዙ ይመጣል፤ መራቢያቸው ያኔ ነው፡፡ እናንተም ውኃ ስትቀይሩ ከተለመደው ጥቂት ዲግሪ የቀዘቀዘ ብትጨምሩ ክረምት የገባ ይመስላቸዋል፡፡ በማግስቱ መስተዋቱ ላይ እንደ ጤፍ ያለ፣ ግን ተለቅ የሚል ተለጣፊ ዕንቁላል ታገኙ ይሆናል፡፡ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳስረዱት የነሐስማዋ ሴቷ የወንዱን ዘር በአፏ ተቀብላ በአንጀቷ በኩል አሳልፋ ነው ዕንቁላሏን የምታዳብረው፡፡ ዕንቁላሉን ወደ ሌላ ዕቃ ካላዛወራችሁ ወላጆቹ ራሳቸው ይበሉታል፤ በዚህ በኩል አመስግኛቸው አላውቅም፡፡

ዓሣው የሰለቸው ሰው ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ወስዶ እንዳይለቅ አጥብቄ እለምናለሁ፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ ከዚሁ ከአማዞን ምድር የመነጨ ነው፤ በዓለም የተሠራጨውም በአበባው ውበት ነበር፡፡ የኮሪዶራስ የሩቅ ዘመድ የሆኑና በገንዳ መስተዋት ላይ ተለጥፈው የምናያቸው ትልልቅ ባለ ጥሩር ዓሦችም በሜክሲኮና በፊሊፒንስ ውኃዎች ተለቀው ዓሣ አስጋሪዎችን አስመርረዋል፡፡ ለሱቅ መመለስ ወይም ገንዳ ላለው ሰው መስጠት ይቻላል፡፡

ቦታም ገንዘብም ለስድስት የማይበቃችሁ ብትሆኑስ? ያን ጊዜ ኮሪዶራስ አትግዙ፡፡ ብቻዋን መኖር የምትመርጥ፣ እንዲያውም ሌላ የወገኗን ወንድ ካየች የምትጣላ ቤታ የምትባል ዓሣ አለች፤ እሷ ከ20 ሊትር ጀምሮ ማሞቂያ ባለው ገንዳ ለብቻዋ ትኖራለች፡፡

አሁን ቤታችሁ አንዲት ብቸኛ ኮሪዶራስ ያለቻችሁ ደግሞ መጀመሪያ ዝርያዋን ለዩ፤ ፎቶ አንስታችሁ ወደ ሱቁ ይዛችሁ ብትሄዱ ይቀላል፡፡ ከዚያ የእሷን ወገን አምስት ፈልጉ፡፡ የዚያ ሱቅ ገንዳ ውስጥ የሞተ ወይም ነጭ ነጥብ የወጣበት ዓሣ ካያችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ፡፡ ያገኛችኋቸውን በቀጥታ አትቀላቅሏቸው፤ ስፖንጅ ማጣሪያ ባለው በሌላ ዕቃ ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻቸው ይቆዩ፡፡ በሽታ ካልታየባቸው ማታ፣ የገንዳው መብራት ከጠፋ በኋላ፣ በኩባያ እየቀዳችሁ ልቀቋቸው፡፡ ሻጩ «አምስት ምን ያደርግልዎታል፣ አንድ ትበቃለች እኮ» ቢላችሁ አትቆጡት፤ የሰማውን ነው የሚነግራችሁ፡፡